ዕርፍ ያልጨበጠም ባለመሬት ነው

(ለሴት አርሶ አደሮች፣ ለአርብቶ አደር ተወካዮች፣ ለመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችና ለሕግ ተማሪዎች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ እምብዛም አልተነካም።)

እንደምን አደራችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎችም ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወንበር ስላነሰ ይቅርታ፤ እባካችሁ ወጣቶች ለእናቶች ቦታ ልቀቁ። አዎ፣ እንደዚያ። ተባረኩ።

ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከደጋውም ከቆላውም መጥታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ስለማከብር ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ወደኛ ከሚመጣው ጉዳይ የሚበዛው የመሬት ነው። ከመሬት ባለጉዳዮች ደግሞ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ይዘው የሚመጡት ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ወረቀት ይታጨቃል፤ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የተቀደደ ማመልከቻ። ያንን ወረቀት አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ስንት ዓመት አንብቤአለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ፌስታል የወጣ ነው ብትሉ አልቃወምም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሕገ መንግሥታችን ሴቷ መሬት ላይ ከወንዱ እኩል መብት አላት። አርብቶ አደሩም ከግጦሽ መሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው። አንቀጽ 35ን አንብቡ። አንቀጽ 40ን አንብቡ። ተጽፏል። ታዲያ ለምን ያጡታል? ለምን?

እኔ የደረስኩበት መልስ አንድ ነው። በዚህ አገር መሬት የማን ነው ሲባል ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ አራሹ ነው። በሬ ጠምዶ፣ ዕርፍ ጨብጦ የታየ ሰው ባለመሬት ነው። ያልታየ ግን የለውም። ሴቷ አታርስም ተባለች። አርብቶ አደሩም አያርስም ተባለ። በቃ፣ ሁለቱም በገዛ መሬታቸው ላይ እንግዳ ሆኑ።

ሦስት ነገር አወራለሁ። ይሄ መለኪያ ከየት መጣ፣ ሴቷ መሬቷን የምታጣው መቼ ነው፣ አርብቶ አደሩስ እንዴት ነው የሚያጣው። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተቀመጡት እናቶች አብዛኞቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው።

አንደኛው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው «መሬት ለአራሹ» አሉ። ያንን ማሳነስ አልፈልግም። ጭሰኛ ያመረተውን ለባለርስት እየሰፈረ በሚኖርበት ዘመን የተነሳ ታላቅ ጥያቄ ነበር። አያቶቻችን ቀና ብለው የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አዋጁ በግልጽ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ እስከ 10 ሄክታር መሬት ይሰጣል ይል ነበር። የጾታ ልዩነት ሳይደረግ! በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል አይደለም።

መሬቱ ሲከፋፈል ግን ምን ሆነ? የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የገባው የቤቱ አባወራ ነው። ባል ያላት ሴት በባሏ ስም ውስጥ ተጠቃለለች። ስሟ የገባው ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ናት፤ እሷም ወንድ የሌለበት ቤት ስለሆነ ነው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። አረሙን የሚያርመው ማነው? አጨዳው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለውስ? አውድማውን በእበት የሚለቀልቀው ማነው? ዘሩን መርጦ፣ ከነቀዝ ጠብቆ፣ ለከርሞ የሚያቆየው ማነው? በሬ መጥመድ ብቻ ነው እንዴ እርሻ? እናቶች፣ እጃችሁን ሳላይ አላልፍም። አያችሁ? አዳራሹ ሞላ።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት የጀመረው በትግራይ ነው፣ በ1990 ዓ.ም.። በዚያን ጊዜ ደብተሩ የሚወጣው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። ከዚያ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ፤ የባልና ሚስት ስም በአንድ ላይ መግባት ጀመረ። አማራ ክልል ላይ የሁለቱም ፎቶ እንዲለጠፍ ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456 የጋራ ይዞታ ከሆነ ደብተሩ በሁሉም የጋራ ባለይዞታዎች ስም ይዘጋጅ አለ። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው። ስሟን ደብተር ላይ አይታ ያለቀሰች እናት አውቃለሁ። እዚህ ያላችሁ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች በእግራችሁ ተራራ ወጥታችሁ ነው ያንን የሠራችሁት። ምስጋና ይገባችኋል።

ግን ደብተሩ ሁሉን አይፈታም። አንዲት ባለጉዳይ ደብተሯን ዘርግታ አሳየችኝ። የባሏ ፎቶ ተለጥፏል፤ ኮሌታው ተቆልፎ፣ ኮስተር ብሎ። አጠገቡ ለሷ የተተወው አራት ማዕዘን ባዶ ነው። ሙጫ እንኳን አልነካውም። «ፎቶ አንሺው የመጣ ቀን እኔ ቤት አልነበርኩም፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ብር ነው የነበረው፤ እሱ ተነሳ፣ አንቺ ኋላ ትነሺያለሽ አለኝ» አለችኝ። ኋላ የተባለው ቀን ሳይመጣ ተፋቱ። ባልየው ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን አለ? ፎቶዋ የሌለው መሬቱ የሷ ስላልሆነ ነው አለ። ደግነቱ ስሟ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጎረቤትም መሰከረላት። ስሟ ባይገባ ኖሮስ?

ስለዚህ እናቶቼ፣ መሬት የሚጠፋው ደብተር በሚታደልበት ቀን አይደለም። በኋላ ነው። ስታገቡ፣ ስታከራዩ፣ ስትፋቱ፣ ሰው ሲሞት።

ከጋብቻው ልጀምር። ልጅቷ ታገባና ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። በወላጆቿ ቀበሌ የነበራት ድርሻ እዚያው ይቀራል። ወንድሟ ያርሰዋል። እሷ «ወንድሜ ነው፣ ይብላው» ትላለች፤ ክፉ ነገር አታስብም። ዓመታት ያልፋሉ። ወላጆች ይሞታሉ። ያኔ ድርሻዬን ስትል፣ «አንቺ እኮ የሰው ቤት ሰው ነሽ» ይሏታል። የ1997ቱ አዋጅ ደግሞ መሬት በውርስ የሚተላለፈው ለቤተሰብ አባል ነው ይል ነበር፤ የቤተሰብ አባል ማለት ደግሞ የባለይዞታውን መተዳደሪያ እየተጋራ በቋሚነት አብሮ የሚኖር ነው። አግብታ የሄደች ልጅ አብራ ትኖራለች? አትኖርም። ወንድሟ ግን አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው። ሕጉ ሴት አትውረስ አላለም፤ ወንድ ይውረስም አላለም። ሴቷ ወደ ወንዱ ቤት በምትሄድበት አገር ግን ውጤቱ ያው ነው። ሕግ ተማሪዎች፣ ይሄን ያዙልኝ። አንቀጽ ስታነቡ ማንን ይጠቅማል ብቻ አትበሉ፤ ማን ከቤት ወጥቶ ይሄዳል ብላችሁም ጠይቁ።

ይሄ አዋጅ አሁን በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የእናንተን ክልል ሕግ ጠይቁ። ከሌላ ክልል የሰማችሁትን ይዛችሁ ፍርድ ቤት አትግቡ።

ማከራየትን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ቤት ነው የማወራው። አክስቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት አላት፤ በሬ የላትም። በሬ ቢኖራትም ሴት ዕርፍ ጨብጣ ስታርስ ማየት በኛ አገር ነውር ነበር፤ ሰማይ ይደፋል ነው የሚባለው። ስለዚህ መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። አራሹ ጎረቤት ነው፣ መጥፎ ሰው አይደለም። ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የራሱን ያርሳል። ከዚያ የወንድሙን ያርሳል። የሷን መጨረሻ። ልጅ ሆኜ ክረምት እሷ ጋ እሄድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆማ በሬዎቹ ወዴት እንደሚዞሩ ታያለች። ዛሬም ወደኛ አልመጡም ትላለች። ስንዴ በጊዜው ካልተዘራ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ጎረቤቶቿ ሲወቁ የሷ ገና አረንጓዴ ነው። ከዚያ ከወጣው ላይ ደግሞ እኩሌታው የሱ ነው። ከዚያ የቀበሌ ሰው ምን ይላል? «የሴት መሬት ምርት አይሰጥም።» የሷ መሬት ከጎረቤቷ መሬት በምን አንሶ? አፈሩ አንድ ነው! ልዩነቱ በሬው መቼ መጣ ነው!

የክልል ሕጎች ላይ ደግሞ መሬቱን ጦም ያሳደረ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል የሚል አለ። አሳቡ ጥሩ ነው፤ መሬት ሳይሠራ እንዳይቀር ነው። ግን በሬ የሌላት መበለት አራሽ ያጣች ዓመት መሬቷ ጦም ያድራል። ሰነፍ ሆና ነው?

ከዚህ የከፋም አለ። አንዲት እናት መሬታቸውን ለባላቸው ወንድም የእኩል ሰጡ። ውል የለም፤ ቤተሰብ ነዋ! አንድ ቀን ሰውየው ወረቀት ይዞ መጣ። «እማማ፣ ግብር ለመክፈል ነው፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አላቸው። ማንበብ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ያ ወረቀት የስጦታ ውል ነበር። እኔ ጋ ሲመጡ አውራ ጣታቸውን አንስተው «ይቺ ናት ጉድ የሠራችኝ» አሉኝ። ጣታቸው ምን አደረገች? ያታለላቸው ሰው ነው ጥፋተኛው። ክርክሩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሰውየው የያዘው መከራከሪያ ምን መሰላችሁ? «ይሄን ሁሉ ዓመት ያረስኩት እኔ ነኝ» ነው ያለው። አያችሁት? እሱ አራሽ ነው፣ እሳቸው አይደሉም። እንደገና እዚያው መለኪያ ላይ ወደቅን።

እለምናችኋለሁ። ማንበብ የምትችሉት ልጆች እዚህ ናችሁ። ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ሳይነበብላቸው ምንም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ አድርጉ። ለግብር ነው ቢባልም። ለማዳበሪያ ነው ቢባልም። የእኩልም ሆነ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡት። የ1997ቱ አዋጅ እንኳን ኪራይ ሲፈጸም መሬቱ ላይ የመጠቀም መብት ያላቸው ሁሉ መስማማት አለባቸው፣ ውሉም ይመዝገብ ብሎ ነበር። ባል ብቻውን ገበያ ላይ ቡና እየጠጣ የሚያከራየው መሬት የለም። የቤተሰብ ሕጉም ላይ፣ በ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት፣ በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል።

ማስያዝ ካልኩ አይቀር፣ አዲሱ አዋጅ 1324 አርሶ አደሩ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር እንዲችል ፈቅዷል። ለብዙ ሰው በር ይከፍታል። ግን ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቢሮ ውስጥ ባልሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ፈርሚ ስትባዪ፣ ብሩ ለምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ካልተከፈለስ መሬቱ ለስንት ዓመት በሌላ እጅ እንደሚገባ ጠይቂ። ሳይገባሽ አትነሺ። ደግመሽ ጠይቂ። ያስረዱሻል፤ ግዴታቸው ነው።

ፍቺ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ለአባቶች ነው። ሽምግልና እወዳለሁ፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ወጪ ይቀንሳል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ መታየት ይችላል ይላል። ይችላል ያለው ግን ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ነው። ሁለቱም። አባቶቼ፣ ዋርካ ሥር ስትቀመጡ እሷን «ትፈቅጃለሽ ወይ?» ብላችኋታል? ወይስ ወንድሞቿንና ባሏን ብቻ ነው የጠየቃችሁት? እሷ ዳር ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ስትል፣ ዝምታዋን እሺታ አታድርጉት። በስማም፣ አታድርጉት!

ሞት ላይ ደግሞ። ባል ይሞታል። ገና ተዝካሩ ሳይወጣ የባል ቤተሰብ ይሰበሰባል። በአንዳንድ አካባቢ መሬቱ ከዘር እንዳይወጣ ተብሎ የሟች ወንድም ሚስቲቱን እንዲወርስ ይደረጋል። እምቢ ካለች ውጪ ትባላለች። አዋጅ አንብባችሁ አይደለም የምትመልሱላቸው፤ ደብተሩን ነው የምታሳዩአቸው። ስለዚህ ደብተሩ የት ነው ያለው? ብዙ ሴቶች ደብተሩ ባል ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ ነው የሚያውቁት፤ ውስጡን አይተውት አያውቁም። ሁለተኛ ሚስት የሆናችሁ እህቶች ደግሞ እጥፍ ድርብ ተጠንቀቁ። ደብተሩ ላይ የገባው የማን ስም ነው? የናንተ ድርሻ በየትኛው ማሳ ላይ ነው? ሰውየው በሕይወት እያለ ጠይቁ።

ሦስተኛው። ከቆላ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘገየሁባችሁ፤ አሁን የእናንተ ተራ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት የመንግሥት ነው ሲል ደኑንና የግጦሽ መሬቱን ሁሉ ጠቅሶ ነበር። በስም ያልተያዘ! ለመሆኑ አርብቶ አደር በማን ስም ይያዝ? መሬቱ የጎሳው ነው፣ የማኅበረሰቡ ነው። አንድ ብዕር ሁሉንም ባለቤት አልባ አደረገው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጥጥና ሸንኮራ አገዳ መጣ። አፋሩም ከረዩውም ከወንዙ ዳር ተገፋ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ለደጋ ሰዎች አንድ ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አይገባውም። «ያ ሁሉ ሜዳ እያለላቸው ጥቂት ቢወሰድ ምን ይሆናሉ?» ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲኖር ከብቱ ወደ ሩቁ ሜዳ ይሄዳል፤ ሣሩም ውሃውም እዚያ አለ። በጋ ሲሆን ሁሉም ይደርቅና ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። የወንዙ ዳር ጠባብ ነው፤ ግን በጋውን የሚያሻግረው እሱ ነው። እሱን ከወሰድክ ያ ሰፊው ሜዳ ምንም አይረባም፤ ምክንያቱም እዚያ ለመድረስ በጋውን ማለፍ አለብህ። ልክ የቤቱን ምሰሶ ነቅለህ «ግድግዳውን አልነካሁም» እንደማለት ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ የሚወሰደው እነሱ በሌሉበት ወቅት ነው። ባለሙያው በክረምት ይመጣል። ሰው የለም፣ ከብት የለም። «ክፍት መሬት» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ እኮ አስቦበት ነው የተወው! ሣሩ ለበጋ እንዲያድግለት ነው የሄደው! ልክ አግብታ እንደሄደችው ልጅ፣ አልነበርክም፣ ስለዚህ የለህም ተባለ።

የ1967ቱ አዋጅ ለዘላኖች፣ ቃሉ የዚያን ጊዜ ነው፣ በግጦሽ መሬታቸው ላይ የይዞታ መብት ሰጥቶ ነበር። አመስግኑ። ግን ቀጥሎ የመንግሥት ኃላፊነት ምን አለ? ጉድጓድ መቆፈር፣ ግጦሹን ማሻሻል፣ ሕዝቡንም ለእርሻ ማስፈር። ለእርሻ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ከዚያ በጣም የተሻለ ነው፤ ለግጦሽም ለእርሻም በነፃ መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። ከዚያ የ1997ቱ አዋጅ መጣና መንግሥት እንዳስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ማዞር ይችላል አለ። የግሉን ወደ ወል ማዞር ግን አላለም። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነበር።

የወል መሬት ሕግ የሌለው ይመስላችኋል? ቦረና ሂዱ። ዘጠኙን የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች እዩ። ውሃው በሰው ሰንሰለት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ በዜማ ነው የሚወጣው። የትኛው መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ ተራ አለው። ተራውን የሚጠብቅ፣ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ተራ ያፈረሰ ይቀጣል። የደረቅ ወቅት ግጦሽና የዝናብ ወቅት ግጦሽ ተለይቶ ይታወቃል። ይሄ የመሬት አጠቃቀም ሕግ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ?

ይሄ ክርክር የኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የእንዶሮይስ ሕዝብ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ለእንስሳት ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተነሳ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔ፣ ነባር ይዞታቸው መንግሥት ከሚሰጠው ሙሉ የባለቤትነት ሰነድ ጋር እኩል ነው፣ መሬታቸው ይመለስ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫም እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፤ ዋናው መልእክቱ ሕዝቡ አስቀድሞ፣ በነፃነትና በቂ መረጃ አግኝቶ ሳይስማማ አይነሳ ነው። አስቀድሞ ማለት ዶዘሩ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ አይደለም።

የካሳ ነገርም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሚነሳው አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳውን ከዓመት ገቢ 10 እጥፍ ወደ 15 እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ጥሩ ነው። ግን ያ ብር በማን የባንክ ደብተር ነው የሚገባው? ካሳው በባል ስም ገብቶ፣ ሚስት ብሩን ያየችው ሲያልቅ ነው። ያንን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን እዚህ ላይ ሁለቱ ጉዳዮቼ ይገናኛሉ፣ ይሄን ሳልል አልወርድም። የወል መሬት በማኅበረሰቡ ስም ይመዝገብ ብዬ እከራከራለሁ። ግን ማኅበረሰቡ ማለት ማን ነው? ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ካልተቀመጡ የወል ደብተሩ የሽማግሌዎቹ ደብተር ይሆናል። ውሃ የምትቀዳው፣ ጥጃ የምትጠብቀው፣ ወተቱን የምታስተዳድረው፣ ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት። የአርብቶ አደር አባቶች፣ ውጭ ያለው መንግሥት «አታርስም» ብሎ ሲገፋችሁ ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ። እናንተ ደግሞ «አትናገርም» ብላችሁ እሷን አትግፏት። የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ የደጋ አባቶችም እንደዚሁ። አንዲት ሴት አስገብታችሁ ሻይ እንድታፈላ አታድርጓት፤ መዝገቡን ስጧት!

ባለሙያዎች፣ ለናንተ የመጨረሻ ልመና አለኝ። ልኬት ስትወጡ ቀኑን ገበያ ቀን አታድርጉት፤ ሴቶቹ አይኖሩም። ማሳው ዳር ስትቆሙ የሚስትን ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ ጎረቤት ይስማ። አንዳንድ ማሳ ላይ አያቷ ያወረሷት የሷ ብቻ የሆነ ቁራጭ አለ፤ የጋራ ብላችሁ አትጻፉት። የግጦሽ መሬት ካርታ ስትሠሩ ደግሞ በበጋም በክረምትም ሂዱ።

ጨረስኩ። ለጥያቄ ብዙ ሰዓት አስቀርቼአለሁ። ደብተርም ሆነ ሌላ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ አራት የሕግ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ሄዳችሁ አስነብቡ። ስማችሁ በትክክል ተጽፎ እንደሆነ፣ የአባት ስም እንዳልተሳሳተ፣ ፎቶ የጎደለ እንደሆነ ያዩላችኋል። የሚስተካከል ካለ ማመልከቻውን እዚሁ ይጽፉላችኋል፣ ክፍያ የለውም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣችሁ ቅድሚያ ይሰጣችሁ፤ መኪና እንዳያመልጣችሁ።